ካሴቱን ከመፍታታችሁ በፊት ሴቩን አውጡ

ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ሲጠና፣ ከበጋ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የከረመ የጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ) ካሴት አስገብታችሁ ስታበሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የኒንቴንዶ ጽሑፍ ይወርድበት በነበረው ቦታ ጥቁር ሳጥን ወርዶ መሃል ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ካሴቱ ሞቷል» ይላል፤ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ወዲያው ካቻቢቴ ያነሣል። ካቻቢቴ ያነሣው ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ከጣለው ይብሳል፤ ጤነኛ ካሴት ፈትቶ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ ውስጡ የነበረውን የዓመታት ሴቭ፣ ማለትም ጨዋታው የደረሰበትን የተቀመጠ መዝገብ፣ በራሱ እጅ ያጠፋልና። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ነው። ስቲከሩም፣ ቀለሙም፣ የራስ ጨዋታ መጫኑም ይመጣል፤ ግን በተራው።

መጀመሪያ ጥቁሩ ሳጥን ምን እንደሚል እንስማ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ቦይ ሲበራ ያንን ጽሑፍ የሚያነበው ከካሴቱ ነው። እያንዳንዱ ካሴት ውስጥ 48 ባይት የሚሆን የአርማ ሥዕል አለ። መሣሪያው አንብቦ ስክሪኑ ላይ ያወርደዋል፣ ከዚያ በራሱ ውስጥ ካለው ቅጂ ጋር ያመሳክረዋል፤ ካልገጠመ እዚያው ይቆማል። ከካሴቱ ምንም ካልደረሰው ስምንቱም የዳታ መስመሮች 1 ሆነው ይነበባሉ፤ 1 ማለት ደግሞ ጥቁር ነጥብ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጥቁር ሳጥን «ካሴቱን ጭራሽ አላገኘሁትም» ማለት ነው። ጽሑፉ ተቆራርጦ ወይም በእኩል ርቀት በሚደጋገሙ ጭረቶች ተበላሽቶ ከመጣ ግን አብዛኛው መስመር እየሠራ ነው፤ የጎደለው አንድ ሁለት ጥርስ (ካሴቱ ከመሣሪያው ጋር የሚነካካበት የብረት መስመር) ነው። ይህ ደስ የሚል ምልክት ነው። አርማው አምሮ ከወረደ በኋላ ጨዋታው መሃል ላይ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ከላይኞቹ የአድራሻ መስመሮች (የሚነበበውን ቦታ ከሚጠቁሙት) አንዱን ጠርጥሩ።

ጥርሶቹ 32 ናቸው። 1ኛው 5 ቮልት የሚገባበት፣ 32ኛው ግራውንድ ነው። ከ6 እስከ 21 አድራሻ፣ ከ22 እስከ 29 ዳታ ናቸው። ቁጥሮቹን ማወቅ በመልቲሜትር ስትለኩ ይጠቅማል፤ ለጽዳት ግን ሁሉም እኩል ናቸው።

ለጽዳቱ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥና ጥሩ ብርሃን ይበቃል። ካሴቱን መፍታት አያስፈልግም፤ በታች በኩል ባለው ክፍት ጥርሶቹ ይደረስባቸዋል። ጥጡን አርጥቡት እንጂ አታንጠባጥቡት። በጥርሱ ርዝመት ልክ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። በወርድ ከጎተታችሁት የአንዱን ቆሻሻ በሁለቱ መካከል ትሞሉታላችሁ። ጥጡ ጠቁሮ በወጣ ቁጥር ቀይሩ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙ። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ጥጥ ይፈጃል።

ፋርማሲ በቀላሉ የሚገኘው 70% አልኮል ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ቀሪው ውኃ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ሌሊት ሳያድር መሣሪያው ውስጥ አታስገቡት። ከ90% በላይ ከሆነ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሞባይል ጥገና ቤቶች ቦርድ የሚያጥቡበት ከዚህ ዓይነቱ ነውና እነሱን ጠይቁ። ጄል የሆነው የእጅ ማጽጃ ግሊሰሪን ስላለው ጥርሱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። አረቄም አይሆንም፤ ውኃው ይበዛል። በአፍ «እፍ» ማለት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ልማድ ነው። ለጊዜው የሠራ የሚመስለው ካሴቱ ወጥቶ ሲገባ ጥርሱ ስለሚፋተግ ነው፤ ትንፋሹ ያመጣው እርጥበት ግን እዚያው ቀርቶ መዳቡን ያዝገዋል።

ላጲስን በተመለከተ ጠንካራ አቋም አለን፦ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ጥርሱ ላይ ያለው ወርቅ እጅግ ስስ ልባጥ ነው። ላጲስ ቆሻሻውን ሲያነሣ ወርቁንም ያነሣል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ሲገለጥ ደግሞ በዚህ በሐይቅ ዳር አየር ቶሎ ይዝጋል። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ከላጲስ በፊት በአቼቶ የረጠበ ጥጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክታችሁ፣ በተጣራ ውኃ አጥባችሁ፣ በአልኮል ጨርሱ። የተጣራ ውኃ ማለት ለመኪና ባትሪ የሚሞላው ነው፤ ስትገዙ ግን ውኃው መሆኑን አረጋግጡ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ አሲዱም አለና። ራሱ መሣሪያው ውስጥ አልካላይን ባትሪ ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከሠራም መድኃኒቱ ያው አቼቶ ነው።

ካሴቱ ጸድቶ ሲነሣ ሴቩን የማውጣት ጊዜው አሁን ነው፣ ከመፍታት በፊት። በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ካርትሪጅ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ጂቢኤክስካርት ከሚባለው ማንበቢያና ፍላሽ ጂቢኤክስ ከሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጋር መሥራት ቀላል ነው። ሴቩን ሁለት ጊዜ አንብቡና በተለያየ ስም አስቀምጡ። ሁለቱ ፋይሎች ባይት በባይት ካልገጠሙ ጥርሱ ገና አልጸዳም፤ ወደ ጥጡ ተመለሱ። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 32 ኪሎ ባይት፤ ስለዚህ በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም፣ በፍላሽም ለማስቀመጥ ሰበብ የለም። ሥራውን በላፕቶፕ ሥሩ። በዴስክቶፕ ስትሠሩ መብራት ቢሄድ ፋይሉ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ በሚነበብበት ጊዜ ከሆነ መድገም ነው፣ ወደ ካሴቱ በሚጻፍበት ጊዜ ከሆነ ግን የነበረውም ይበላሻል።

አሁን ባትሪው። ጌም ቦይ ካሴት ላይ ሴቩ የሚኖረው ኃይል ካጣ ሁሉን በሚረሳ ቺፕ ውስጥ ነው፤ ሳህን መሳዩ ባትሪ ሥራው ያንን ቺፕ ሌት ተቀን ማንቃት ነው። ቺፑ የሚጠጣው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ባትሪው አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰዓት ያለባቸው ጨዋታዎች ግን ቶሎ ይጨርሱታል። ፖኬሞን ጎልድ፣ ሲልቨርና ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል አላቸው፣ እሱም ከዚያው ባትሪ ይመገባል። ሩቢ፣ ሳፋየርና ኤመራልድ ደግሞ የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴቶች ናቸው፤ ባትሪያቸው ለሰዓቱ ብቻ ነው፣ ሴቩ ያለ ባትሪ በሚኖር ቺፕ ላይ ነው። በእነሱ ላይ የባትሪ ማለቅ መልእክት ሲመጣ መደናገጥ አያስፈልግም።

የባትሪውን ዓይነት ከአሮጌው ላይ አንብቡ። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ ሲአር 2025 ማለት 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው፤ ሲአር 1616 ደግሞ 16 በ1.6 ነው። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ከ2.5 በታች ከወረደ ቀይሩት። በ2025 ቦታ 2032 የሚያስገቡ አሉ፤ የሚይዘው ኃይል ከ160 ወደ 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ያድጋል። ግን ከመበየዳችሁ በፊት ቅርፊቱን ገጥማችሁ እዩት፤ ጀርባው ካበጠ ካሴቱ የመሣሪያውን አፍ ያሰፋዋል፣ ይህ ደግሞ ከሴቭ የሚበልጥ ኪሳራ ነው።

ቅርፊቱን የያዘው ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይፈታውም፤ 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ውስጡ ክፍት የጌም ቢት ይፈልጋል። አድቫንስ ላይ ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ነው። የቢክ እስክርቢቶ ቀፎ ጫፍ በእሳት አለስልሶ ብሎኑ ላይ በመጫን ቅርጹን አስይዞ ሲቀዘቅዝ መፍታት ይቻላል፤ ለሁለት ሦስት ካሴት ይሠራል፣ ከዚያ ይላላል። ብዙ ካሴት ያለው ሰው ግን ትክክለኛውን ይግዛ።

ባትሪው ላይ በቀጥታ አትበይዱ። ይህን ያህል ሙቀት የባትሪውን ማሸጊያ ይጎዳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ትክክለኛው ባትሪ ሁለት የብረት ምላስ በፋብሪካ ተበይዶለት የሚመጣው ነው። እዚህ ከተማ ይህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከሰዓትና ከመኪና ቁልፍ ሻጮች የምናገኘው ያለ ምላስ ነው። መፍትሔው የላፕቶፕና የፓወር ባንክ ባትሪ የሚሠሩ ጠጋኞች ዘንድ ነው። በነጥብ የሚበይድ መሣሪያ ያለው ሰው 0.1 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር የኒኬል ጥብጣብ በሁለቱም ገጽ ላይ በአፍታ ያጣብቅላችኋል። ፕላስና ማይነሱ በቦርዱ ላይ በየት በኩል እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ምላሶቹ የሚወጡበትን አቅጣጫ የሚወስነው እሱ ነው። በፕላስተር አጣብቆ መዝጋት የሚባለውን አትሞክሩ፤ በባጃጅ ጉዞ አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለል ስትሉ ግንኙነቱ ለአፍታ ይለያያል፣ ሴቩም ያኔ ይሄዳል።

አሮጌውን ስታነሡ መበየጃውን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ አድርጉ፣ ፍለክስ (ብየዳው በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) ቀቡ፣ በአሮጌው ብየዳ ላይ ትንሽ አዲስ ጨምሩበት። ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት 60/40 ሽቦ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ አሮጌውን ይፈታዋል። ምላሱ ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ፤ በወረንጦ አትሳቡት። የማይነስ (−) ቦታ ከሰፊ መዳብ ጋር ስለሚገናኝ ሙቀቱን ይበላል፣ ከሌላኛው ዘግይቶ ይቀልጣል፤ ሰው የሚቸኩለውና መዳቡን ከቦርዱ የሚገነጥለው እዚህ ላይ ነው። ከተገነጠለ መስመሩን ተከትላችሁ በአቅራቢያው ካለው ቀዳዳ ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኙት። አዲሱ ከገባ በኋላ በአንድ ቦታ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዩ። ከዚያ ሴቩን በማንበቢያው መልሳችሁ ጻፉ፣ ጨዋታውን ክፈቱ፣ አጥፉ፣ ካሴቱን አውጥታችሁ አንድ ቀን አቆዩ፣ እንደገና እዩ።

ካሴቱ በተከፈተበት አጋጣሚ እውነተኛ መሆኑን ማየት ነው። ቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ስም መታተም አለበት። በብዙ ዋና ካሴቶች ስቲከር ላይ ሁለት አሃዝ የሆነ፣ አንዳንዴ ፊደል የተጨመረበት፣ ቀለም የሌለው የማኅተም ጉድጓድ በብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩ ይታያል። ቺፕ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ብቻ ካለ ጠርጥሩ። ከዘመድ ሻንጣ የጃፓን ካሴት ቢመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ጌም ቦይ የአገር ገደብ የለውም፣ የትኛውም የትም ይሠራል። ለመዝገባችሁ ስቲከሩ ላይ ያለውን ኮድ ጻፉ፦ በዲኤምጂ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጌም ቦይ፣ በሲጂቢ የሚጀምረው የጌም ቦይ ከለር (ባለ ቀለም ስክሪኑ)፣ በኤጂቢ የሚጀምረው የአድቫንስ ነው።

ወደ ማስዋቡ እንምጣ። ቅርፊት ስትቀይሩ ከቀለሙ በፊት ጥጉን እዩ። ግራጫውና ጥቁሩ ካሴት ከላይ በአንዱ ጥግ ትንሽ ቁራጭ ጎድሎባቸዋል፤ የመጀመሪያው ጌም ቦይ ማብሪያ ሲንሸራተት ወደዚያ ጉድለት ይገባል። ለከለር ብቻ የተሠራው ብርሃን አስተላላፊ ካሴት ይህ ጉድለት የለውም፤ ስለዚህ አሮጌው መሣሪያ ላይ ማብሪያው አይንቀሳቀስም። የድሮ ጨዋታ ቦርድ በሚያምር ብርሃን አስተላላፊ ቅርፊት ውስጥ ከትቶ «አልበራም አለ» የሚል ሰው ያጋጠመው ይኸው ነው።

ቀለም መርጨት ለሚፈልግ፦ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አለስልሱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ሦስት ስስ ንብርብር በ15 ደቂቃ ልዩነት ርጩ፣ ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ቀን ተዉት። ጎንና ጎኑን በፕላስተር ሸፍኑ፤ የቀለም ውፍረት ካሴቱን መሣሪያው አፍ ላይ ያጣብቀዋል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን አትርጩ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀለሙ ሲደርቅ ውኃ ይይዛል፣ ነጭ ጉም መስሎ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ምርጥ ነው።

ስቲከሩ ላይ ግን ልባችን የሚያርፍበት ጉዳይ አለ። ዋናውን ስቲከር አትላጡ፤ አዲሱን በትርፍ ቅርፊት ላይ ለጥፉ፣ ዋናውን ቅርፊት ከነስቲከሩ አስቀምጡ። መጠኑ ወደ 42 በ37 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራሳችሁን ለኩ። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይህ 496 በ437 ፒክሰል ይሆናል፣ በ600 ደግሞ እጥፉ። ርዕሱን በአማርኛ ካደረጋችሁት ችግሩ የሚጀምረው ማተሚያ ቤቱ ጋ ነው። አንዳንዱ ኮምፒዩተር አሁንም የሚሠራው በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው፤ በዩኒኮድ የጻፋችሁት ተከፍቶ ሲታይ ሳጥን በሳጥን ይሆናል፣ ወይም ሌላ ፎንት ተተክቶ መስመሩ ይዘላል። ፊደሉን ከመላካችሁ በፊት ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ በፒዲኤፍ አውጡት፤ ያኔ ፎንት የሚባል ነገር ፋይሉ ውስጥ አይቀርም። በፊደል መጠን ከ6 ነጥብ በታች አትውረዱ፤ የ«ጨ» እና የ«ጠ» እግሮች ተጣብቀው አንድ ጥቁር ይሆናሉ፣ «ጪ» እና «ጬ» አይለዩም። በውኃ ቀለም የሚያትም ኢንክጄት በላብ እጅ ይሰረዛል፤ በሌዘር፣ ወይም ለውጭ ማስታወቂያ በሚያገለግለው ቪኒል ላይ አሳትሙና ስስ ላሚኔት አስደርጉበት። ጥጎቹን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ጥግ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው።

የራሱን ጨዋታ ካሴት ላይ ማኖር የሚፈልግ ወጣት ካለ ጂቢ ስቱዲዮ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጀምር፤ ኮድ ሳይጻፍም ጨዋታ ይሠራል። ባዶ ቦርድ ስትገዙ የቺፑን ስም አንብቡ። ስሙ ውስጥ 29 እና ኤፍ ካለ ለ5 ቮልት የተሠራ ነው፤ 29 እና ኤልቪ ከሆነ ግን ለ3.3 ቮልት ነው። ጌም ቦይ የሚልከው 5 ቮልት ነው፤ ቮልቱን የሚያስማማ ክፍል በሌለው ርካሽ ቦርድ ላይ ኤልቪው ዛሬ ይሠራል፣ ግን ቺፑም መሣሪያውም ከአቅም በላይ እየተጫናቸው ነው።

በአማርኛ መሥራቱ የራሱ ሒሳብ አለው። ስክሪኑ 160 በ144 ፒክሰል ነው፤ 8 በ8 በሆኑ ንጣፎች ሲከፈል 20 በ18 ይሆናል። የግዕዝ ፊደል 8 በ8 ውስጥ አይነበብም፤ የ«ሕ» እና የ«ሐ» ልዩነት በአንድ ፒክሰል ላይ ይንጠለጠላል። 8 በ16 ካደረጋችሁት ያምራል፣ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ንጣፍ ይበላል። 33ቱ ፊደሎች በሰባት ቤት 231 ናቸው፣ እጥፉ 462፤ የጌም ቦይ ማስታወሻ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ደግሞ 384 ንጣፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ሁሉ አንድ ጊዜ መጫን አይቻልም። መውጫው ለየንግግሩ የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ብቻ እየጫኑ መሄድ ነው። አንድ የንግግር ሳጥን ውስጥ የተለያዩ ፊደሎች ከ20 እምብዛም አይበልጡም፣ ይህም 40 ንጣፍ ነው፤ የተቀረው ለታንኳችሁና ለሐይቃችሁ ሥዕል ይተርፋል።

ማስቀመጫው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ መደርደሪያ ላይ። በክረምት የሐይቁ ዳር ቤቶች ግድግዳ ያልባል፣ ሻጋታው መጀመሪያ የሚይዘው የስቲከሩን ወረቀት ነው። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የሲሊካ ከረጢቶች አከማቹ፤ ግን አንዴ ውኃ ከጠገቡ ጌጥ ናቸው። ፍሬዎቹን አውጥታችሁ በኬክ ኦቨን በ120 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ካደረቃችሁ ይታደሳሉ። ምጣድ ላይ አታድርጉ፣ ከመጠን በላይ ይግላል። ሰማያዊ ሆኖ ሲረጥብ ሮዝ የሚሆነው ዓይነት ደግሞ ኮባልት ስላለበት ምግብ በሚሠራበት ዕቃ ጭራሽ አይነካ።

በእያንዳንዱ ካሴት ውስጥ፣ በአዲሱ ባትሪ ላይ፣ የተቀየረበትን ቀን በቀጭን ማርከር ጻፉ። ከጎኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ፤ 2018 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚቀጥለው ባለቤት ትናንት የገባውን ባትሪ የስምንት ዓመት ሽማግሌ አድርጎት ሊነቅለው ይችላል።